እትዬ ማንጠግቦሽ በቁማቸው የገቡበት መስኮት

እኛ አገር ሰው ካልሞተ ጥሩ ሰው አይሆንም። አትቆጡ! እስቲ ልብ ብላችሁ አስቡት። ትናንት «ይሄ ገብጋባ!» ስንለው የነበረውን ጎረቤት፣ ዛሬ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ «እጁ የማይታጠፍ፣ የድሃ አባት፣ የሰፈሩ ምሰሶ…» እንለዋለን። ሰውዬው ቀና ብሎ ቢሰማን «ምነው ይሄን ባለፈው ሳምንት ብትነግሩኝ ኖሮ!» ይለን ነበር። ለመመስገን መሞት ግድ ነው፤ ከሞቱ ደግሞ መስማት የለም። እንግዲህ ምን ይሻላል?

ይሄን ችግር የፈቱ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ይባላሉ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ለብዙ ዘመን ምግብ ቤት ነበራቸው። ስማቸው «ማን ጠግቦሽ» ይሁን እንጂ እሳቸው ቤት ሳይጠግብ የወጣ ሰው የለም። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ወደ ስሜን የሚወጣው አስጎብኚ፣ ደመወዝ የዘገየበት መምህር (እኔን ጨምሮ) ሁሉም እዚያ በልቷል። ልጅ አልወለዱም። «ልጅ የለዎትም ወይ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ሲገኝ፣ «ያበላሁት ሁሉ ልጄ ነው፤ ሰሀን የሚያጥብ ግን አንድም አልወጣልኝም!» ይላሉ።

ነገሩ የጀመረው ሚካኤላችን እንደ አዲስ ሲሠራ ነው። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን መስኮቱ ጠባብ ነበር። አዲሱ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠርቶ ሲያልቅ መስኮቶቹ የበር ያህል ሰፍተው ወጡ። ደባርቅን ለማታውቋት ልንገራችሁ… የእኛ ከተማ መስኮት ዋና ሥራው ብርድ ማስገባት ነው! ከተራራው የሚወርደው ንፋስ ቅዳሴ የቆመውን ሰው ጋቢ እየገለበ ሲያስቸግር፣ ሰበካ ጉባኤው መላ ዘየደ። «ሟች ቤተሰቦቹን ማስታወስ የፈለገ ሁሉ አንድ አንድ መስኮት ይውሰድና ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ያሠራበት፤ ከሥሩ የሟቾቹ ስም ይጻፍበታል» ተባለ። በአጭሩ፣ ሙታኖቻችን ብርድ ይከልክሉልን ነው ነገሩ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ይሄን እንደሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል!» አሉና፣ በሴቶች መግቢያ በኩል ያለውን፣ ፀሐይ የማይለየውን መስኮት ያዙ። የአባታቸው የአቶ ተሰማ፣ የእናታቸው የወይዘሮ ውዴ፣ የወንድማቸው የአቶ አድማሱ ስም ሊጻፍበት ነው። አቶ አድማሱ የኔ አባት ናቸው። ስለዚህ ነገሩ እኔንም አገባኝ፤ ሳልወድ በግዴ የመስኮት ጉዳይ ተላላኪ ሆንኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ አባ ይትባረክ፣ «በክርስትና ስማቸው ቢጻፍ አይሻልም ወይ?» ብለው ጠየቋቸው።

«አባ፣ በክርስትና ስማችንማ እግዜር ያውቀናል! መስኮቱ ለደባርቅ ሰው ነው።»

አባ ይትባረክ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ።

እትዬ አንድ ሌላ ሐሳብም ነበራቸው። የድሮ የጎንደር መኳንንት ቅዱስ ሥዕል ሲያሠሩ፣ ከሥሩ ትንሽ ሆነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይሣሉ የለም? እሳቸውም እንደ አሠሪነታቸው ከሚካኤል እግር ሥር «ጠጋ ብለው» እንዲሣሉ ፈለጉ። ለዚህ ፎቶ ያስፈልጋል። እትዬ ያላቸው ደኅና ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጎንደር ወርደው የተነሡት ለቀብራቸው ነበር! «ስሞት የማንም ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ እንዳታሳፍሩኝ» ብለው ነው አስቀድመው ያዘጋጁት። ችግሩ፣ መብራቱ ቦግ ሲል ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፎቶ አንሺው «እናቴ፣ ዓይንዎ ተከድኗል፤ ልድገመው» ቢላቸው፣ «ለቀብር ነው ስልህ! ምን ያጣድፍሃል?» ብለውት ወጡ።

ያ ፎቶ አዲስ አበባ ለሚኖረው ለእናቴ ወንድም ልጅ ለደረጀ ተላከ። መስታወት ሠሪውን ያገኘው እሱ ነው። ጽሑፉን በመልእክት ልላክለት ብዬ ስልኬን ሳወጣ እትዬ እጄን ያዙኝ።

«በጽሑፍ የተላከ ነገር ይሳሳታል። አፍ እያለኝ!»

በዚያ ዘመን እነ እትዬ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢያቸው ጀርባ ካለ አንድ ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደግፌ አወጣኋቸው። እሳቸው ስልኩን እንደ መለከት ከአፋቸው ፊት ያዙና አዲስ አበባ ድረስ በድምፃቸው ሊደርሱ ቆርጠው ተነሡ።

«ሃሎ! ደረጀ! ጻፍ! በሞት ለተለዩን…!»

«በሞት ለተለዩን… እሺ!»

«ለአባታችን ለአቶ ተሰማ! ለእናታችን ለወይዘሮ ውዴ! ለወንድማችን ለአቶ አድማሱ ተሰማ!»

«እሺ… እሺ…»

«ከዚያ ደግሞ አሠሪዋ…»

እዚህ ላይ ንፋሱ ነው፣ ጉሙ ነው፣ ወይስ የኔትወርክ ጠባይ… ብቻ ስልኩ ጭጭ አለ። ተመልሶ ሲመጣ፣

«ሃሎ! ከዚያ ደግሞ ማን?»

«እኔ ነኛ! ማንጠግቦሽ ተሰማ! እኔን ረስተህ እንዳትተወኝ!»

«እርስዎንም እዚያው ልጨምርዎት?»

«እዚያው! ከነሱ ጋር! ምን ያንሰኛል?»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል ያገሬ ሰው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የእሳቸውን እንጂ የደረጀን ድምፅ አልሰማሁም፤ የእሱን ኋላ ነው የነገረኝ። ደረጀ ደግሞ ታላቅ የጠየቀውን መፈጸም እንጂ «ለምን?» ማለት ያልለመደ ጨዋ ልጅ ነው። መስታወት ሠሪው በበኩሉ የሟቾች ስም የተዘረዘረበት ጽሑፍና ዓይናቸውን የጨፈኑ ሴትዮ ፎቶ ደረሰው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠረጥራላችሁ?

መስታወቱ ተሠርቶ ጎንደር ሲደርስ ላመጣው ወረድኩ። በጭድና ከቤቴ ይዤው በወረድኩት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ቁመቱ የኔን ያህላል። ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ሰው ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት በትራቸውን ይዘው ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ ምን ይዘህ ነው?» አሉኝ።

«ሚካኤልን ነው፣ አባቴ» አልኳቸው፤ «የሚካኤል ሥዕል ነው» ማለት ሲገባኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ የሆነውን ባትጠይቁኝ ይሻላል። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁለት ሴቶች እልል አሉ። ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን ዘጋ። ረዳቱ፣ ያ በየፌርማታው ሰው ላይ ሲጮህ የነበረው ረዳት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወራጅ ካለ… እባካችሁ ቀስ…» ማለት ጀመረ። ዳባት ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና የተሳፈረው ሁሉ እየመጣ ጥቅሉን ተሳለመ። ልብ በሉ፣ የሚሳለሙት የኔን ብርድ ልብስ ነው! «ኸረ ይሄ እኔ የምተኛበት ነው» ልል ፈለግሁ፤ ግን ሰው በእምነቱ ሲጽናና ምን አገባኝ? በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ የተነዳ ሚኒባስ አላየሁም። ሚካኤል ሁልጊዜ አብሮን ቢሳፈር ስንቱ አደጋ በቀረ ነበር…

መስታወቱ ተገጠመ። ግንበኞቹ የሠሩት ከውጭ ሆነው ነው፤ ከውጭ ደግሞ ፊደሉ የተገለበጠ ነው፤ የሚነበበው ከውስጥ ነው። በውስጥ በኩል ወዲያው ነጭ መጋረጃ ተጋረደበት። ምረቃው በሚካኤል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። እትዬ ማንጠግቦሽ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከመስኮቱ ሥር፣ ከሁሉም ፊት ቆሙ።

አባ ይትባረክ መጋረጃውን ሳቡት።

እውነቱን ልናገር፤ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ፀሐይዋ በቀዩ፣ በሰማያዊውና በወርቃማው መስታወት ገብታ ወለሉን ሁሉ የመስቀል አበባ አስመሰለችው። ሚካኤል ክንፉን ዘርግቷል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከእግሩ ሥር ደግሞ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ቁርጥ ራሳቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው… አርፈዋል።

አባ ይትባረክ በዚያ ግድግዳ በሚያናውጥ ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ።

«በሞት ለተለዩን፣ ለአባታችን ለአቶ ተሰማ፣ ለእናታችን ለወይዘሮ ውዴ፣ ለወንድማችን ለአቶ አድማሱ ተሰማ፣ ለእህታችን ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተሰማ፣ መታሰቢያ!»

ሕዝቡ ከልማዱ የተነሣ ባንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር!» አለ። ከሁሉም ድምፅ በላይ የተሰማው ግን የማን መሰላችሁ? የእትዬ ማንጠግቦሽ!

 እትዬ አንገታቸውን ቀስ ብለው አቀኑ።

«አባ… እስቲ መጨረሻውን ይድገሙልኝ።»

«ለእህታችን… ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተሰማ።»

«ማን ናት እሷ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«መቼ ነው የሞትኩት?»

አባ ይትባረክ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ፈተሹት። «ቀኑ አልተጻፈም» አሉ።

አንዲት ሴት ከኋላ «ሥዕሉስ ቁርጥ እሳቸውን!» ስትል፣ ሌላዋ ደግሞ «እንዴት ያለ ሰላማዊ ፊት ነው፣ አልተሠቃዩም» አለቻት። እኔ ከዓምዱ ጀርባ ሸሸግ አልኩ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር «ዛሬውኑ ይነሣ! ይፋቅ! ነውር ነው!» እያሉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ደረጀ ጋ ቢደወል «እዚያው፣ ከነሱ ጋር ብለውኝ ነው!» አለ። አልዋሸም። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አልተቆጡም። ቀና ብለው መስኮቱን አዩት፣ አዩት፣ አዩትና «ነገ እንነጋገርበት» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ወሬ ግን ነገን አይጠብቅም። የዚያን ዕለት ከዳባት መጥቶ ያስቀደሰ አንድ ሰው ነበር። «በሞት ለተለዩን… ማንጠግቦሽ…» የሚለውን ሰምቶ፣ ሰው «ነፍስ ይማር» ሲል እሱም ብሎ፣ መኪና እንዳያመልጠው ሮጦ ወጣ። ወቅን ላይ ሲደርስ እትዬ በድንገት አርፈው ነበር። ዳባት ሲደርስ ተቀብረዋል። ወሬ ሲወርድ እንዲህ ነው፤ ቁልቁለቱ ያግዘዋል።

አሁን ሳልነግራችሁ ያለፍኩትን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ዳባት የምትኖር ታናሽ እህት አለቻቸው፤ እትዬ በላይነሽ። ሁለቱ ለብዙ ዓመት አይነጋገሩም። የተጣሉት በእናታቸው ለቅሶ ላይ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ያን ቀን ከጓዳ ጓዳ እየተሯሯጡ ለቀስተኛውን ሲያበሉ ዋሉ። እትዬ በላይነሽ በሰው ፊት «ለእናቷ እንኳ እንባ የላትም!» አለቻቸው። እትዬ ማንጠግቦሽም «እኔ ካለቀስኩ ማን ያበላቸዋል?» ብለው መለሱ። ይሄው ነው። ከዚያ ወዲያ አንዷ ባለችበት ሌላዋ አትገኝም። አባቴ በሕይወት እያለ ሊያስታርቃቸው ዳባትና ደባርቅ ሲመላለስ ጫማው አለቀ። ሁለቱም «እሷ ትቅደም» እንዳሉ እሱ ቀደማቸው። ለዚህ ነው ጽሑፉ ሲነገር ማንም «በላይነሽስ?» ያላለው።

በማግሥቱ ጠዋት ስሙ እንዴት እንደሚፋቅ ልንመካከር እትዬ ቤት ተቀምጫለሁ። ጉሙ ገና አልተገለጠም። በድንገት ከመንገዱ በኩል ለቅሶ ተሰማ።

«እታለሜን! እታለሜን! ወየው እታለሜን!»

እትዬ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ኸረ ማን ሞቶ ነው? ጎረቤት ሞቶ ሳልሰማ?» እያሉ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱና ወደ በሩ ተጣደፉ። ለራሳቸው ለቅሶ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራቸው! ተከተልኳቸው።

በሩን ሲከፍቱት፣ ከዳባት የመጣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ደረቱን እየመታ ቆሟል። ከፊት እትዬ በላይነሽ ናት፤ ፊቷ በእንባ ታጥቧል፣ ድምፅዋ ዘግቷል። ታላቅ እህቷን በሩ ላይ ቆማ ስታይ የተነሣው እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«አንቺ!» አለች። «አልሞትሽም እንዴ?!»

«አልሞትኩም» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ግራ ገብቷቸው። «ይቅር በይኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ አገር ታስለቅሻለሽ?!»

«ማን አልቅሺ አለሽ?»

«ማንም! ራሴ ነኝ!»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ታዲያ… እንግባ ወይስ እንመለስ?» ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው፤ ሟቿ ራሷ በር ከፍታ የምትቀበልበት ለቅሶ ወጉ እንዴት እንደሆነ ማን ያውቃል?

«ምን ትመለሳላችሁ፤ ግቡ እንጂ! ብርድ ነው!» አሉ እትዬ።

ገቡ። እትዬ ማንጠግቦሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድስት ጣዱ። ለቀስተኛ በንፍሮ ነውና የሚስተናገደው፣ የገዛ ራሳቸውን የሐዘን ንፍሮ ራሳቸው ቀቀሉ፤ ጨውም ቀምሰው አስተካከሉ! ሰዉ በየመደቡ ተደርድሮ አንገቱን ደፍቷል፤ መሳቅ ነውር፣ ማልቀስ ደግሞ ከንቱ። እትዬ ንፍሮውን እያዞሩ፣ እንደ ቀልድ፣

«እስቲ… ምን እያላችሁ ነበር የመጣችሁት?» አሉ።

 ሙሾ አውራጇ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀለለች።

«ንገሩኝ እንጂ! ለእኔ አይደል እንዴ የተገጠመው? ለማን ታስቀምጡታላችሁ?»

ሴትዮዋ እያፈረች፣ ዓይኗን መሬት ተክላ፣ ዝግ ባለ ዜማ አለችው፦

«ማን ጠግቦሽ ያውቅና፣ የእንግዳ ሁሉ ቤት፣
ጠቅልሎ ጎረሰሽ ይሄ ሆዳሙ ሞት።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ጭልፋቸውን እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ስለ ቀይ ወጤ ምንም አላላችሁም።»

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ እንደ ሰደድ እሳት ቤቱን ያዘው። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! አንዱ «ሹፌር ሳለሁ፣ መኪናዬ ሊማሊሞ ላይ ተበላሽቶ በውድቅት ስመጣ እሳት አንድደው ያበሉኝ እሳቸው ናቸው» አለ። ሌላው «ተማሪ እያለሁ ‹ቁርስህን በልተህ ሂድ፤ በባዶ ሆድ ፊደል አይገባም› ይሉኝ ነበር» አለ። እትዬ ሁሉንም አዳመጡ፤ የተሳሳተውን አረሙ፤ የጎደለውን ሞሉ። አየህልኝ፣ አየሽልኝ አንባቢዬ? ሰው ሞቶ እንኳ የማይሰማውን እሳቸው ንፍሮ እያዞሩ ሰሙት!

እትዬ በላይነሽ ግን ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አትስቅም፣ አትበላም። እትዬ ማንጠግቦሽ በሳህን ንፍሮ ይዘው ፊቷ ቆሙ።

«ብዪ።»

«አልበላም።»

«ለእኔ ነው የተቀቀለው። ሐዘኔ ነው፤ ብዪ።»

«አልበላም አልኩ!»

እትዬ ሊመለሱ ሲሉ ዓይናቸው የእህታቸው እግር ላይ አረፈ። እኔም አየሁ። እትዬ በላይነሽ በአንድ እግሯ የራሷን የላስቲክ ጫማ፣ በሌላው የባሏን ትልቅ በረባሶ አድርጋለች። ከዳባት ደባርቅ ድረስ፣ እንደዚያ ሆና፣ ምን እንደተጫማች ሳታውቅ ነው የመጣችው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ሳህኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከእህታቸው አጠገብ ተቀመጡና… አለቀሱ። አባቴ ሲሞት ሲያበሉ ነው ያየኋቸው። ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ፤ ለእናታቸውም፣ ለአባቴም፣ ለሁሉም ባንድ ላይ ይመስለኛል።  ተነሥቼ ወደ ውጭ ልወጣ ስል የእትዬ በላይነሽ ድምፅ ተሰማኝ።

«በቃ፣ አየሁት» አለች፣ የእህቷን ጀርባ እየዳበሰች። «እንባ አለሽ። አሁን ተነሺ፤ ድስቱ ሊያርር ነው።»

ሽምግልና ሳይቀመጥ፣ ካሣ ሳይቆረጥ፣ አባቴን ጫማ ያስጨረሰው ዕርቅ እንዲህ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ «እስቲ የገደለዎትን መስኮት እንየው» ብሎ ወደ ሚካኤል ወጣ። ሊቀ መንበሩ ስሙን የሚፍቀውን ሰው አዘጋጅተው፣ መሰላል አቁመው ይጠብቃሉ። እትዬ በላይነሽ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ጣቷን እያነሣች አነበበች።

«አባባ… እማማ… አድማሱ… ማንጠግቦሽ…» ዞር አለች። «በላይነሽስ የት አለች?»

«አንቺማ በሕይወት አለሻ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«አንቺስ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ።

«ሰውዬ፣ መሰላልህን አንሣ። አይፋቅም።»

«እንዴት አይፋቅም? እርስዎ በሕይወት…»

«ልጅ የለኝም። ስሞት ከወላጆቼ ጋር ስሜን የሚያጽፍልኝ ማን አለ? አሁን ሳልለምን ተጽፎ አገኘሁት። ልሰርዘው?»

እኔ «ምነው፣ እኔ አለሁ አይደል?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«አንተማ ታጽፋለህ። ግን መምህር ነህ፤ መስኮቱን በቀይ እስክሪብቶ ሳታርም አትመለስም።»

ነገሩ ወደ አባ ይትባረክ ዞረ። አባ ጢማቸውን እየዳበሱ ጥቂት አሰቡ። «ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ የለም ወይ?» አሉ። «በቁሙ ደግሶ ካበላ፣ በቁሙ መስኮት ቢገባ ምን ነውር አለው? መሞታቸው እንደሆን የታወቀ ነው፤ የዘገየ ቀኑ ብቻ ነው።»

«እንዲህ ይበሉ እንጂ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«እኔስ?» አለች እትዬ በላይነሽ። «የአባቴ መስኮት ላይ የእንጀራ ልጅ ልሁን?»

አዲስ አበባ ድረስ ማን ይመለሳል? ደባርቅ ውስጥ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ አንድ ሰው ተጠራ። መሰላሉ ለእሱ ዋለ። ከእትዬ ማንጠግቦሽ ስም ሥር በነበረችው ክፍት ቦታ ላይ በዘይት ቀለም «ለእህታችን ለወይዘሮ በላይነሽ ተሰማ» ብሎ ጻፈ። እጁ ታፔላ ስለለመደ ፊደሉ ከሟቾቹ ሁሉ ገዝፎ ወጣ፤ በሩቁ ላየው የእህልና የበርበሬ መሸጫ ይመስላል። ከስሙ ጎን ወደ በሩ የሚያመለክት ቀስት ሊጨምር ሲል አባ ይትባረክ ናቸው እጁን የያዙት።

እነሆ ከዚያ ወዲህ እትዬ በላይነሽ በሚካኤል ቀን ከዳባት ማልዳ ትመጣለች፤ ጫማዋን አስተካክላ ተጫምታ። ሁለቱ እህቶች ከመስኮታቸው ሥር ጎን ለጎን ይቆማሉ። ያልተነጋገሩበትን ዘመን ሁሉ ወሬ ማካካስ አለባቸውና አያርፉም። ፀሐይዋ ስትገባ «ቀዩ እኔ ላይ ነው ያረፈው፤ ፈቀቅ በይ»፣ «ኸረ አንቺ ፈቀቅ በይ፤ ከኔ ስም ነው የመጣው»፣ «የኔ ስም ይበልጣል!» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ። መንሾካሾክ ማለቴ ለእነሱ ነው እንጂ፣ እኔ ወንዶቹ ጋ ቆሜ ቃል በቃል እሰማለሁ።

ባለፈው የሚካኤል ቀን አባ ይትባረክ ስብከት ላይ ነበሩ። ስለ ትዕግሥት ያስተምራሉ። ከሴቶቹ በኩል ያለው ወሬ ግን አላስቀምጥ አላቸው። አንዴ ዝም ብለው አለፉት። አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩና በዚያ ግድግዳ በሚያናውጥ ድምፃቸው፣

«እናንተ ሙታን! እባካችሁ ጸጥ በሉልን፤ በሕይወት ያለነው እንስማበት!» አሉ።